የቡድኑ አሰልጣኝ ምን ተምሮ መጣ?

በየዓመቱ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲደርስ ግቢያችን ውስጥ አንድ ዓይነት ወሬ ይነፍሳል። ሕክምና የደረሰው «እሰይ!» ይባላል፤ ምሕንድስና የገባው ይከበራል፤ ስፖርት የመረጠውን ግን «ምነው፣ ነጥብ አልሞላልህም እንዴ?» ብለው ይጠይቁታል። ልጁ ደፍሮ «እኔስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን ማሰልጠን ነው ምኞቴ» ያለ እንደሆነማ ጉድ ፈላ! «ታዲያ ለፊሽካ መንፋት ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ያስቀምጥሃል?» ተብሎ ይሳቃል።

ሳቁ ያልፋል፤ በሳቁ ውስጥ ያለው ጥያቄ ግን ቁም ነገር ነው። ልጆችን ሜዳ ላይ ሰብስቦ ሊያሰለጥን የሚፈልግ ሰው በእርግጥ ምን ይማር? የሰውነትን አሠራር? የአእምሮን ጠባይ? ወይስ ራሱ ጥሩ ተጫዋች ከነበረ ይበቃዋል? ፊሽካውን የያዘው ሰው ምን ተምሮ እንደመጣ የማይጠይቅ ትምህርት ቤት ልጆቹን ለማን እንዳስረከበ አያውቅም ማለት ነው።

ይህን ጥያቄ ደጋግማ የጠየቀች፣ መልሷንም ደጋግማ የለወጠች አገር አሜሪካ ነች። እዚያ የስፖርት ሥሩ በአመዛኙ ያለው በትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ልጅ ማልያ ለብሶ በከተማው ሕዝብ ፊት የሚወጣው በትምህርት ቤቱ ስም ነው፤ አሰልጣኙም፣ ቢያንስ በቆየው ልማድ፣ የዚያው ትምህርት ቤት መምህር ነው። ስለዚህ የዚያን አገር የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ባጭሩ እንከተልና ኋላ ወደ ራሳችን እንመለሳለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ቃሉ ከየት መጣ?

እንግሊዝኛው «ኮች» መነሻው ሠረገላ ነው። በሃንጋሪ ኮች በምትባል መንደር ይሠራ የነበረ ሠረገላ ስሙ ከነመንደሩ በአውሮፓ ተዛመተ፤ እንግሊዞችም ተቀበሉት። በ1830ዎቹ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ፈተና ለማለፍ የሚቀጥሩትን የግል አስጠኚ በቀልድ «ኮች» ይሉት ጀመር። ተማሪውን እንደ ሠረገላ አሳፍሮ ፈተናውን ያሻግረዋላ! ቃሉ ወደ ስፖርት የገባው ከዚያ በኋላ፣ በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ገደማ ነው። እንግዲህ ኮች ሜዳ ከመውረዱ በፊት አስጠኚ ነበር ማለት ነው።

የኛው «አሰልጣኝ» ደግሞ ከ«ሠለጠነ» ይወጣል። ሙያ የለመደም ሠለጠነ ይባላል፤ ጠባዩ የታረመም ሠለጠነ ይባላል፤ ሥልጣንም ሥልጣኔም ከዚያው ግንድ ናቸው። ሁለቱም ቋንቋዎች፣ ሳይመካከሩ፣ ይህን ሰው ከማስተማር ሥራ ጋር አስረውታል። ታሪኩ ግን ይህን ማሰሪያ ሲያጠብቅና ሲያላላ የኖረ ነው።

2. ሐኪሞቹ

በአሜሪካ ትምህርት ቤት ሰውነት ማጎልመሻን በማስተማር ቀዳሚ ተብሎ የሚጠቀሰው ቻርለስ ቤክ የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ ነው። ጂምናስቲክን የጀርመን ወጣቶች ንቅናቄ ያደረገው የፍሪድሪሽ ያን ደቀ መዝሙር ነበር። በ1825 በማሳቹሴትስ ስቴት ራውንድ ሂል የተባለ ትምህርት ቤት ቀጠረው። የተቀጠረው ግን ለጂምናስቲክ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ላቲንም ሊያስተምር ነው! በ1832 ሃርቫርድ የወሰደውም የላቲን ፕሮፌሰር አድርጎ ነው። የመጀመሪያው ሰው የቋንቋ መምህር ነበር፤ ይህን አንባቢ ልብ ይበልልን፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ከቤክ በኋላ ሜዳው በሐኪሞች እጅ ገባ። በ1861 አምኸርስት ኮሌጅ ኤድዋርድ ሂችኮክ የተባለውን ሐኪም የጤና አጠባበቅና የሰውነት ማጎልመሻ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው። ሂችኮክ ሃምሳ ዓመት እዚያው ሠራ። ተማሪዎቹን እየጠራ ቁመታቸውን፣ ክብደታቸውን፣ የደረታቸውን ዙሪያ እየለካ ይመዘግብ ነበር። ዱድሊ ሳርጀንት ደግሞ በወጣትነቱ ሰርከስ ውስጥ የሠራ፣ ኋላ በ1878 ከዬል በሕክምና የተመረቀ ሰው ነው። ከ1879 ጀምሮ የሃርቫርድን ጂምናዚየም መራ፤ በ1881 ሴት መምህራንን የሚያሰለጥን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ከ1887 ጀምሮም በሃርቫርድ የክረምት ኮርስ ይሰጥ ነበር። በ1885 የሰውነት ማጎልመሻ ባለሙያዎች ብሩክሊን ላይ ተሰብስበው ማኅበር ሲያቋቁሙ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው ያው ዶክተር ሂችኮክ ሆነ።

ለምን ሐኪም? ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዚያ ዘመን ወላጅና የኮሌጅ አስተዳዳሪ የሚፈራው መሸነፍን አልነበረም፤ ልጁ ወንበር ላይ ተጣብቆ ሲያነብ ጤናው እንዳይታወክ ነበር። ጂምናዚየም የተሠራው እንደ መድኃኒት ቤት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ዓላማው ጤና ከሆነ ደግሞ ሰውየው ሐኪም መሆን አለበት። መልሱ ከዓላማው ነው የተቀዳው።

እዚህ ላይ የሴቶቹን ድርሻ ዘለን ብናልፍ ታሪኩን መግመስ ይሆናል። በ1889 ሜሪ ሄመንዌይ የተባለች ባለጸጋ በሰጠችው ገንዘብ በቦስተን የጂምናስቲክ መምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የምትመራውም ኤሚ ሞሪስ ሆማንስ ነበረች። ከዚያ የተማረችው ሴንዳ በረንሰን ወደ ስሚዝ ኮሌጅ ሄዳ በ1892 ሴቶችን ቅርጫት ኳስ አጫወተች። ሰውነት ማጎልመሻን ማስተማር ራሱን የቻለ፣ ትምህርት የሚጠይቅ ሙያ ነው ብለው መሠረቱን ከጣሉት ውስጥ ሴቶቹ ግንባር ቀደም ናቸው።

3. ሰባኪ ሊሆኑ የነበሩት

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከወወክማ ነው። በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ የወወክማ ሠራተኞችን የሚያሰለጥን ትምህርት ቤት ነበረ፤ የዛሬው ስፕሪንግፊልድ ኮሌጅ ማለት ነው። እዚያ የሰውነት ማጎልመሻውን ክፍል የሚመራው ሉተር ጉሊክ ሐኪም ቢሆንም የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነበር፤ ሰው ማለት መንፈስ፣ አእምሮና አካል በአንድ ላይ ነው ይል ነበር። የወወክማ ምልክት የሆነው ሦስት ማዕዘን የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው።

ጉሊክ ዘንድ ከመጡት ውስጥ ሁለቱን እንይ። ጄምስ ኔይስሚዝ ካናዳዊ ነው፤ ሞንትሪያል ላይ ነገረ መለኮት ተምሯል። በታኅሣሥ 1891፣ ክረምቱ ከቤት አላስወጣ ያላቸውን 18 ተማሪዎች የሚያጫውትበት ነገር ፍለጋ ሁለት የኮክ መሰብሰቢያ ቅርጫቶች ሰቅሎ 13 ሕጎች ጻፈ፤ ቅርጫት ኳስ እንዲህ ተወለደ። በዚያ አልበቃውም፤ ዴንቨር ሄዶ ሕክምና ተማረና በ1898 ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እንግዲህ ነገረ መለኮት፣ ሰውነት ማጎልመሻ፣ ሕክምና፤ ከዚህ በላይ ምን ይማር? ሆኖም በካንሳስ ያሰለጠነው ቡድን 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸነፈ። ጨዋታውን የፈጠረው ሰው ከካንሳስ አሰልጣኞች ሁሉ ሽንፈቱ ከድሉ የበዛበት እሱ ብቻ ነው! ተጫዋቹ የነበረው ፎግ አለን አሰልጣኝ ልሁን ሲለው፣ ይህ ጨዋታ የሚጫወቱት እንጂ የሚያሰለጥኑት አይደለም ብሎ እንደመለሰለት ይነገራል። ለኔይስሚዝ ቁም ነገሩ ልጆቹ መጫወታቸው ነበር፤ የውጤት ሰሌዳው ብዙም አያሳስበውም።

ሁለተኛው አሞስ አሎንዞ ስታግ ነው። ዬል ውስጥ ሰባኪ ለመሆን ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ተወውና ስፕሪንግፊልድ ገባ። በ1892 አዲሱ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት የመምህርነት ማዕረግ ሰጥቶ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍል ኃላፊ አደረገው። አሰልጣኝ ከሌሎች መምህራን እኩል በዩኒቨርሲቲ ማዕረግ መቀመጡ ያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ «አሰልጣኝ መምህር ነው» የሚለው ክርክር የሚጠቅሰው ምስክር አገኘ።

4. ትምህርት ቤቱ ልጆቹን መልሶ ሲረከብ

እስካሁን ያወራነው ስለ ኮሌጅ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነገሩ የተጀመረው በተገላቢጦሽ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ቡድኑን የሚያቋቁሙት፣ ገንዘብ የሚያዋጡት፣ ግጥሚያ የሚይዙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። አሰልጣኝ ካስፈለጋቸውም ከከተማው አንድ የቀድሞ ተጫዋች ፈልገው ይቀጥራሉ። ምን ተማርክ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ታሸንፋለህ ወይ ብቻ ነው ጥያቄው። ውጤቱስ? ተማሪ ያልሆነ ጎረምሳ በተማሪ ስም ይሰለፋል፤ ውርርድ ይያዛል፤ ዱላ ይነሣል። ርእሳነ መምህራኑ ዓይናቸውን የገለጡት ስማቸው በጋዜጣ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹ ቡድኑን መልሰው መውሰድ ጀመሩ። በ1903 ኒው ዮርክ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የስፖርት ማኅበር ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹም አንዱ ያው የስፕሪንግፊልዱ ጉሊክ ነበር። በ1918 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዓላማዎችን የዘረዘረ ታዋቂ ሰነድ ወጣና ከሰባቱ ዓላማዎች አንደኛውን ጤና፣ ሌላውን የትርፍ ጊዜን በመልካም ማሳለፍ አደረገ። በ1920 የኢሊኖይ፣ የኢንዲያና፣ የአዮዋ፣ የሚሺጋንና የዊስኮንሲን ማኅበራት ተባብረው ኋላ አገር አቀፍ የሆነውን ፌዴሬሽን መሠረቱ። በመካከሉ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ነበር፤ ለውትድርና ከተመረመሩት ወጣቶች ሲሶ ያህሉ ብቁ አይደሉም መባሉ አገሩን አስደነገጠ፤ ብዙ ስቴቶች ሰውነት ማጎልመሻን በሕግ ግዴታ አደረጉ።

ሕግ ሲወጣ ሰው ያስፈልጋል። በየከተማው አዲስ ጂምናዚየም ተሠርቶ መምህሩ ጠፋ! እዚህ ላይ ነው እንግዲህ «ምን ይማር?» የሚለው ጥያቄ የዩኒቨርሲቲ ጥያቄ የሆነው። ሁለት መንገዶች ተከፈቱ።

አንደኛው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መንገድ ነው። ጆርጅ ሀፍ የሚባለው የስፖርት ኃላፊ በ1919 የአራት ዓመት የአሰልጣኝነት ትምህርት አስጀመረ፤ በዓይነቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ተማሪው እግር ኳሳቸውን፣ ቤዝቦሉን፣ ቅርጫት ኳሱን፣ ሩጫውን እንደ ኮርስ ይማራል። ሁለተኛው በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ውስጥ ያለው የመምህራን ኮሌጅ መንገድ ነው። እነሱ አሰልጣኝ ለብቻው አይሠራም፤ ሰውነትን ለብቻው ማስተማር ሳይሆን በሰውነት አማካይነት ሰውን ማስተማር ነው አሉ። ጄሲ ፌሪንግ ዊሊያምስ ይህን ሐሳብ በ1930 በጻፈው ጽሑፍ አደርጅቶታል። በ1924 ደግሞ ትምህርቱ እስከ ዶክትሬት ደርሶ ነበር።

ሁለቱ መንገዶች ሲጓተቱ የሚገርመው ነገር ሌላ ነው። የኢሊኖይ ዝነኛው አሰልጣኝ ሮበርት ዙፕኪ ራሱ በዚያ ኮርስ አላለፈም። ሚሺጋን ውስጥ በመስኪጎን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ እያስተማረ ነው ማሰልጠን የጀመረው።

5. ጥቁር ሰሌዳና ሜዳ

የዙፕኪ ነገር አጋጣሚ ቢሆን እናልፈው ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ ስማቸው የገነነ አሰልጣኞችን የትምህርት ማስረጃ ብንገልጥ የምናገኘው ጉድ ነው።

የኖተርዳሙ ክኑት ሮክኒ የኬሚስትሪ ሰው ነበር፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ቪንስ ሎምባርዲ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሱፐር ቦውሎች ያሸነፈው ሰው፣ ከ1939 ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል በኒው ጀርሲ ሴንት ሲሲሊያ በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቲን፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አስተምሯል። ሞርጋን ውተን በሜሪላንድ ዲማታ በተባለ ትምህርት ቤት ከ1956 እስከ 2002 ቅርጫት ኳስ አሰልጥኖ 1,274 ጊዜ አሸንፏል። በ1965 ኋላ ከሪም አብዱል ጀባር የተባለውን ረጅም ልጅ የያዘውን የኒው ዮርክ ቡድን አሸንፎ 71 ተከታታይ ድሎቹን ያቋረጠውም እሱ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው ታሪክ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃን ለቆ ኮሌጅም አልሄደም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የጆን ዉደንን ነገር ረጋ ብለን እንየው። ዉደን ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሲቪል መሐንዲስ ሊሆን ነበር። ትምህርቱ በክረምት የመስክ ልምምድ ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ክረምቱን ሠርቶ ገንዘብ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ወደ እንግሊዝኛ ዞሮ በ1932 ተመረቀ። የድህነት ምርጫ ነው እንግዲህ! ኬንተኪ ውስጥ ዴይተን በምትባል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርና አሰልጣኝ ሆነ፤ የመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ ከድሉ ሽንፈቱ በዛ። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ በኢንዲያና፣ ሳውዝ ቤንድ፣ እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ያሰለጥናል። «የስኬት ፒራሚድ» የሚለውን የታወቀ ሥዕሉን መንደፍ የጀመረው በዚያው በ1934፣ መምህር ሳለ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን በማርክ ብቻ ሲመዝኑ አይቶ፣ ስኬት ማለት የምትችለውን ሁሉ ማድረግህ ነው የሚል ትርጉም ፈለገ። ኋላ ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 የውድድር ዘመኖች አሥር ጊዜ የአገሪቱን የኮሌጅ ሻምፒዮና ወሰደ።

አሁን ፍሬ ነገሩ። በ1974–75 የውድድር ዘመን ሮናልድ ጋሊሞርና ሮላንድ ታርፕ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን ታላቅ መምህር እንዴት እንደሚያስተምር ማጥናት ፈለጉ። ሜዳ ሄደው የዉደንን 15 ልምምዶች ተቀምጠው ተመለከቱ፤ የሚያደርገውንና የሚለውን እየቆጠሩ 2,326 ድርጊቶች መዘገቡ። ምን አገኙ? ረጅም ዲስኩር የለም፤ ጩኸት የለም። ከመቶ 75 ያህሉ ንግግሩ በቀጥታ ትምህርት ነው፤ ምን እንደሚደረግ፣ እንዴት እንደሚደረግ፣ መቼ እንደሚደረግ። ሙገሳው ከመቶ 7 ያህል ነው፤ ቁጣውም ያንኑ ያህል ነው። ዉደን ልምምዱን በየቀኑ በትንሽ ካርድ ላይ በደቂቃ ከፋፍሎ ይጽፍ ነበር፤ የትምህርት ዕቅድ ማለት ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ ያን ሁሉ ግዙፍ ተጫዋች ሰብስቦ የሚያስተምረው የመጀመሪያ ትምህርት ካልሲና ጫማ አጠላለቅ ነበር። ካልሲው ከተጨማደደ እግር ይላጣል፤ እግሩ የተላጠ ተጫዋች አይሮጥም። ፊደል ከ«ሀ» እንደሚጀመር ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ከእንግሊዝኛ ትምህርቱ ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚል አንድ ኮርስ የለም። ይዞት የሄደው የማስተማርን ልማድ ነው፤ ሥራውን ቆርሶ ማቅረብ፣ ማሳየት፣ ማስደገም፣ ማረም።

እርግጥ ለዚህ ነገር ተቃራኒ ገጽ አለው። በአሜሪካ የታሪክ መምህር ሲፈለግ «ማን ያሰለጥናል?» ተብሎ የሚቀጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ክፍል ውስጥ ፊልም ከፍቶ ተቀምጦ የሳምንቱን አሰላለፍ ይነድፋል ተብሎ ይቀለድበታል፤ ቀልዱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ይህ ግን የሚያጠናክረው ያንኑ ክርክራችንን ነው። ክፍል ውስጥ የማያስተምር ሰው ሜዳ ላይ ያስተምራል ብሎ ተስፋ ማድረግ ይከብዳል።

6. ከሜዳ ወደ ላቦራቶሪ

በ1960ዎቹ ነገሩ ተገለበጠ። የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የነበረው ኬሚስቱ ጄምስ ኮናንት በ1963 የመምህራንን ትምህርት የሚመረምር መጽሐፍ አወጣ፤ በሰውነት ማጎልመሻ የሚሰጠውን ከፍተኛ ዲግሪ ክፉኛ ነቀፈ። ካሊፎርኒያም በ1961 ባወጣችው ሕግ ሰውነት ማጎልመሻን ከቀለም ትምህርት መደብ ውጭ አድርጋው ነበር። የኛው ግቢ ሳቅ እዚያ በሕግ ተጻፈ እንበለው!

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1964፣ የበርክሊው ፍራንክሊን ሄንሪ መልስ ጻፈ። ትምህርታችን መምህር ባያፈራ እንኳ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው፤ ሰው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማጥናት ሳይንስ ነው አለ። ክርክሩ ጠንካራ ነበር፤ ሙያውንም አዳነው። የልብ አሠራር፣ የጡንቻ ኃይል፣ የእንቅስቃሴ ፊዚክስ፣ የስፖርት ሥነ ልቦና እያንዳንዱ የራሱን ቤት ሠራ። በ1989 የሙያው አካዳሚ ትምህርቱ ኪኔሲዮሎጂ ይባል ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም የክፍላቸውን ስም ለወጡ።

ከብር ተገኘ፤ ዋጋው ግን ምን ነበር? ትምህርት ክፍሉ ከሜዳው ራቀ። ዛሬ ኪኔሲዮሎጂ ከሚመርጡት ብዙዎቹ የሚያስቡት ስለ አካል ሕክምናና ስለ ጤና ሙያዎች ነው። ልጆችን ሰብስቦ ማስተማር የክፍሉ እምብርት መሆኑ ቀረ። ሐኪሞቹ ከመቶ ዓመት በኋላ በሌላ በር ተመለሱ ማለት ይቻላል።

ያው ጊዜ ደግሞ አሰልጣኝ እንደ ዳቦ የሚፈለግበት ጊዜ ሆነ። በ1972 በትምህርት ጾታ እንዳይለይ የሚከለክለው ሕግ ወጣ። በ1971–72 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን የሚጫወቱ ሴቶች 294,015 ሲሆኑ ወንዶቹ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ሕጉ በሩን ሲከፍት የሴቶቹ ቁጥር ጨምሮ ጨምሮ ዛሬ ከ3 ሚሊዮን አልፏል። ይህ የፍትሕ ሥራ ነው፤ ማንም አይከራከረውም። ነገር ግን ቡድኖቹ ሲበዙ መምህራኑ አልበዙም፤ የነበሩትም ከሰዓት በኋላውን ሥራ በትንሽ አበል መሸከም ሰለቻቸው። ስለዚህ ብዙ ስቴቶች ደንባቸውን አላሉ፤ የመምህርነት ፈቃድ የሌለው ሰው አጭር ኮርስ ወስዶ እንዲያሰለጥን ፈቀዱ። ፖሊሱም፣ ነጋዴውም፣ የቀድሞ ተጫዋቹም ገባ። ከነሱ ውስጥ ድንቅ ሰዎች አሉ። ሆኖም ቀን ክፍል ውስጥ ያላየውን ልጅ ማታ ሜዳ ላይ የሚቀበል ሰው ልጁ ሒሳብ እንደወደቀ፣ ቤቱ እንደተበተነ፣ ምሳ እንዳልበላ በምን ያውቃል?

ዛሬ እዚያ አገር አሰልጣኝ ልሁን ለሚል ተማሪ አንድ የተወሰነ ትምህርት ክፍል የለም፤ ደንቡም በየስቴቱ ይለያያል። አንዱ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት፣ አንዱ ኪኔሲዮሎጂ፣ አንዱ ሒሳብ ወይም ታሪክ ተምሮ የመምህርነት ፈቃድ ያወጣል። ጥያቄው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም አልተዘጋም።

7. ወደኛ

እኛም ዘንድ ይኸው ጥያቄ በሌላ መልኩ ተመልሷል። በአርሲዋ በቆጂ ከተማ አቶ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ባለወርቅ ደራርቱ ቱሉ በእጃቸው አልፋለች፤ ቀነኒሳ በቀለም፣ ጥሩነሽ ዲባባም እንዲሁ። በ2012 የወጣው የበቆጂ ሯጮች ፊልምም ስማቸውን ለዓለም አስተዋውቋል። እነዚህን ልጆች ብሔራዊ ቡድን ሲደርሱ የተቀበሏቸው ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ደግሞ ትምህርታቸውን የተማሩት ሃንጋሪ፣ «ኮች» የሚለው ቃል በተነሣባት አገር ነው። ሁለቱ ሰዎች አይፎካከሩም ነበር። አንዱ የሳይንሱን ጥግ ይዘው የበሰለውን ሯጭ ለሜዳልያ ያደርሱ ነበር፤ ሌላው ማን መሆኑ ያልታወቀውን ሕፃን ከክፍል ውስጥ ያዩ ነበር። መምህሩ ባያዩ ዶክተሩ ማንን ይቀበሉ ነበር?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እናውጣ? በየዘመኑ የተሰጠው መልስ የዘመኑን ፍላጎት የሚከተል ነበር። ጤና ሲፈለግ ሐኪም ተጠራ፤ ጠባይ ሲፈለግ ሰባኪ ተጠራ፤ ድል ሲፈለግ ተጫዋች ተቀጠረ፤ ክብር ሲፈለግ ሳይንቲስት ተሾመ። ሁሉም የያዙት ነገር አለ፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ግን ዕድሜ የሰጠው መምህሩ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። በአሜሪካ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው ከሚጫወቱት ልጆች ኮሌጅ ገብተው የሚቀጥሉት ከመቶ 7 ያህሉ ብቻ ናቸው። ለቀሩት ዘጠና ሦስቱ የሁለተኛ ደረጃው አሰልጣኝ የመጨረሻ አሰልጣኛቸው ነው። ከዚያ በኋላ ፊሽካ አይሰሙም። ይዘውት የሚሄዱት መሸነፍን እንዴት እንደሚቀበሉ፣ ሰውነታቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ፣ ከማይወዱት ሰው ጋር እንዴት አብረው እንደሚሠሩ የተማሩትን ነው። ለሰባቱ ሲባል ዘጠና ሦስቱን የሚረሳ አሰልጣኝ፣ ምንም ቢማር፣ ሥራውን አላወቀውም።

ስለዚህ ምርጫ ላይ ላለኸው ወንድማችን፣ ምርጫ ላይ ላለሽው እህታችን ምክራችን ይህ ነው። ሰውነት ማጎልመሻ ከወደዳችሁ በሙሉ ልብ ግቡ፤ ግን የማስተማር ዘዴውን ኮርስ እንደ ትርፍ አትቁጠሩት፣ የሙያው እምብርት እሱ ነው። ታሪክ ወይም ፊዚክስ ወይም አማርኛ ከወደዳችሁም መንገዱ አልተዘጋባችሁም፤ ያንኑ በሚገባ ተምራችሁ መምህር ሁኑ፤ በላዩ የሰውነትን አሠራር፣ የመጀመሪያ እርዳታን፣ የልጆችን ሥነ ልቦና ጨምሩበት፤ ልጅ ሜዳ ላይ ወድቆ ሲተኛ ላቲን አያነሣውምና። ላቦራቶሪውን ከመረጣችሁም መልካም፤ ነገር ግን እዚያ ገብታችሁ ልጆቹን አገኛለሁ ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ።

ለሚስቁትም አንድ ነገር እንበል። ነገ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ትሰዳላችሁ። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የሚቀበላቸው ሰው ዛሬ «ነጥብ አልሞላልህም እንዴ?» የምትሉት ልጅ ነው። ምን ተምሮ እንደሚመጣ ከወዲሁ ቢያሳስባችሁ ይሻላል።

በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ ያለው ካለ ይጻፍልን፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ አናጣለትም።